በወረርሽኝ ጊዜ ከሳይኮሲስ ጋር መኖር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና የሐኪሙ መልሶች

ባለፈው እትም ይህ አምድ ወረርሽኝ በአእምሮ ጤና ላይ ስለሚያሳድረው ጫና በጠቅላላው አንሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተላኩት ሳይኮሲስ ካለባቸው ሰዎችና ከአስታማሚዎቻቸው ነው። ሳይኮሲስ ስንል ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማበትን፣ የሌለ ነገር የሚታየውን፣ ወይም ማስረጃ ቢቀርብለትም የማይለቀው የተሳሳተ እምነት የሚይዝበትን ሁኔታ ማለታችን ነው። ስኪዞፍሬኒያ ከእነዚህ ሕመሞች ዋነኛው ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚገልጹ ዝርዝሮችን አውጥተን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በየወሩ መርፌ እየተወጋ ለረጅም ጊዜ ደኅና ነበር። ኮቪድ-19 ገብቶ እንቅስቃሴ ሲገደብ፣ የሚከታተልበት ክፍል ለጊዜው ተዘጋ፤ እኛም ሆስፒታል ብንመላለስ በሽታውን ይዘን እንመጣለን ብለን ስለ ፈራን መርፌው ቀረ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ከሁላችንም ይልቅ የተረጋጋው እሱ ነበር። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ በክፍሉ ውስጥ መመላለስ ጀመረ፤ ቴሌቪዥኑ ስለ እሱ እንደሚናገር፣ ማስክ ያደረጉ ሰዎችም ሊይዙት እንደሚከታተሉት ነገረን። ወላጆቼ እስከ ዛሬ «የለከፈው ያ የበሽታ ወሬ ነው» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ መርፌው በመቅረቱ ራሴን እወቅሳለሁ። አሁን ተሽሎታል። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ግን ምን ማድረግ እንዳለብን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ወላጆችዎ ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ የሰጡት ምክንያት ግን ትክክል አይመስለኝም። በሳይኮሲስ ጊዜ የሚያዙ የተሳሳቱ እምነቶች ይዘታቸውን የሚቀዱት በዘመኑ ሰው ሁሉ ከሚነጋገርበት ጉዳይ ነው። ሬዲዮ በተስፋፋበት ዘመን በሬዲዮ ሞገድ ይቆጣጠሩናል የሚሉ ሕሙማን ነበሩ፤ ቆይቶ ሳተላይቱ፣ ከዚያም ኢንተርኔቱ ተተካ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ ደግሞ ቫይረሱ፣ ምርመራውና ማስኩ በሕሙማኑ ንግግር ውስጥ ገቡ። ይህ ማለት ግን ሕመሙን የቀሰቀሰው ዜናው ነው ማለት አይደለም። ዜናው ለሕመሙ መናገሪያ ቃል ሰጠው እንጂ፣ ሕመሙን የቀሰቀሱት ነገሮች ቀደም ብለው በቤታችሁ ውስጥ ተጀምረው ነበር።

የመጀመሪያው የመርፌው መቅረት ነው። እንደ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ያሉ፣ በዘይት ተበጥብጠው ጡንቻ ውስጥ የሚሰጡና ረጅም ጊዜ የሚሠሩ መርፌዎች፣ ከተቋረጡ በኋላም ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት ወደ ደም መግባታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ አንድ ቀጠሮ ሲታለፍ በማግስቱ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ቤተሰቡም «ያለ መድኃኒትም ደኅና ሆነ» ብሎ ይዘናጋል። ሕመሙ የሚያገረሸው መድኃኒቱ ከሰውነት እየተሟጠጠ ሲሄድ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ በመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን የተወራው ወይም የተፈጠረው ነገር ሁሉ ጥፋተኛ መስሎ ይታያል። የወንድምዎ ሦስት ወር ከዚህ ሂደት ጋር በሚገባ ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ 65 የሕክምና ሙከራዎችን አጣምሮ የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው መድኃኒቱን ከቀጠሉት ሰዎች መካከል 27 ከመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ ፍቱን ባልሆነ አምሳያ ከተተካላቸው መካከል ግን 64 ከመቶ ነበሩ።

ራስዎን መውቀስዎን ግን ይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ 130 አገሮችን ጠይቆ፣ 93 ከመቶ በሚሆኑት አገሮች ወሳኝ የሆኑ የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች ተስተጓጉለው ወይም ቆመው እንደነበር አረጋግጧል። አገልግሎቶቹን ለማቆም የወሰኑ ሰዎች ክፋት ነበረባቸው አልልም፤ አልጋና ኦክስጅን ሲፈልጉ በመጀመሪያ የታያቸው «ሊቆይ ይችላል» የሚባለው የተመላላሽ ክፍል ነበር። እንደ እኔ እምነት ግን፣ ወር ጠብቆ የሚሰጥ የሳይኮሲስ መርፌ እንደ ስኳር በሽተኛው ኢንሱሊን ሁሉ ሊቆይ ከማይችለው ሕክምና ወገን ነው፤ ይህንንም በየሆስፒታሉ ከወረርሽኝ በፊት በጽሑፍ ማስፈር ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ከሁላችሁም ይልቅ ተረጋግቶ መታየቱም እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ሐኪሞች ይህንኑ አይተዋል። ዘወትር «ለምን ሥራ አልያዝክም? ለምን ከሰው አትቀላቀልም?» እየተባለ የሚኖር ሰው፣ ዓለም ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ለጊዜው እፎይ ይላል። እፎይታው እውነተኛ ነው፤ አደገኛ የሚሆነው ቤተሰቡ እሱን ተማምኖ ክትትሉን ሲያላላ ነው።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ከቤት መውጣት ሲቀር የመነሻ ሰዓት ይላላል፣ ቀን መተኛት ይጀመራል፣ ሌሊቱ በስልክና በቴሌቪዥን ይገፋል። ለጤነኛው ሰው ይህ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሳይኮሲስ ላለበት ሰው ግን የእንቅልፍ መዛባት ከማገርሸት ቀድመው ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ከመሆኑም በላይ ራሱ ማገርሸቱን ያፋጥናል።

ሦስተኛው ነገር ለመጻፍም ለማንበብም አይመችም። ቮን እና ሌፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ አገር ባሳተሙት ጥናት፣ ነቀፋ፣ ቁጣ ወይም ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍ በሚበዛበት ቤት የሚኖሩ ሕሙማን ሕመሙ በብዛት እንደሚያገረሽባቸው፣ በተለይም ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት የሚያሳልፉት ጊዜ በሳምንት ከ35 ሰዓት ሲበልጥ አደጋው እንደሚጨምር አሳይተዋል። የእንቅስቃሴ ገደብ ይህን የ35 ሰዓት ድንበር በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ያሳልፋል። ቤተሰቡ ሕመሙን አመጣ ማለት አይደለም፤ የተጨነቀና ገቢው የተቋረጠ ቤተሰብ፣ መውጫ በሌለበት ጠባብ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተፋጥጦ ሲውል፣ የሚወደውንም ሰው ሳያስበው ይጎዳዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ጊዜ መዘጋጀት ያለባችሁ እሱ ደኅና በሆነበት በአሁኑ ወቅት፣ ከራሱ ጋር ተቀምጣችሁ ነው። ከሐኪሙ ጋር ሦስት ጥያቄዎችን አንሡ፦ ክፍሉ ቢዘጋ መርፌውን የሚሰጠው የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም የትኛዋ ነርስ ነው? መርፌው ጨርሶ ባይገኝ በምን ክኒን፣ በምን ያህል መጠን ይተካል? ቀጠሮው ስንት ቀን ቢያልፍ ነው መደወል ያለብን? መልሱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ከካርዱ ጋር አስቀምጡት። ሁልጊዜ የአንድ ወር መጠባበቂያ ክኒን ቤት ውስጥ እንዲኖር መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የነበረበት ሰው ከሆነ፣ መድኃኒቱ በእሱ እጅ ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ።

በቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት የመነሻ ሰዓቱን ጠብቁለት፤ የመኝታ ሰዓት እሱን ተከትሎ ይስተካከላል። ዜና በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከታመነ ምንጭ፣ ቢቻል አብራችሁ ስሙና ቴሌቪዥኑን ዝጉት፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል ዜና ለማንም አይጠቅምም። በቀን ውስጥ ሁላችሁም ለየብቻ የምትሆኑበት ሰዓት ይኑር፤ ወንድምዎ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ተከትሎ መግባት አያስፈልግም።

«ቫይረሱን የላኩት በእኔ ላይ ነው» ቢልዎ ምን እንደሚመልሱ ብዙ አስታማሚዎች ይቸገራሉ። «ይህ የማይረባ ነገር ነው» ማለት ግንኙነቱን ይቆርጠዋል፤ «አዎን፣ ልክ ነህ» ማለት ደግሞ እምነቱን ያጸናዋል። ሁለቱንም ትተው ፍርሃቱን ይያዙ፦ «በጣም እንደፈራህ ይታየኛል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም፤ ነገር ግን ብቻህን እንድትሆን አልፈልግም። ዛሬ ሌሊት ተኝተሃል?» ይበሉት። ጥያቄው ከክርክሩ አውጥቶ ልታግዙት ወደምትችሉት ነገር ይመልሳችኋል። ማስክን በተመለከተ ደግሞ፣ ፊቱ የተሸፈነ ሰው ስሜቱ ስለማይነበብ ጥርጣሬ ያለበትን ሰው ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ሐኪሙም ሆነ ነርሷ ራቅ ብለው ቆመው ለአፍታ ፊታቸውን አሳይተው ስማቸውን ቢናገሩ፣ ከዚያ ቢሸፍኑ፣ ብዙ ነገር ይቀላል። በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚደረግ ክትትልም ለብዙዎች በጎ ቢሆንም፣ «በካሜራ ያዩኛል» የሚል ሥጋት ላለበት ሰው በግድ አይሰጥም፤ እንዲህ ላለው ሰው የድምፅ ጥሪ ብቻ ወይም ከቤት ውጭ አየር ላይ የሚደረግ አጭር ግንኙነት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ታካሚ ነኝ። ለስድስት ዓመታት ክሎዛፒን የሚባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት ስወስድ ቆይቻለሁ፤ ከእሱ በፊት የሞከርኳቸው መድኃኒቶች አልረዱኝም ነበር። በወረርሽኙ ወቅት ትኩሳትና ሳል ይዞኝ ስድስት ቀን ተኛሁ፤ ሳሌ ስለባሰም በቀን ከአንድ ፓኮ በላይ አጨሰው የነበረውን ሲጋራ በአንድ ጊዜ ተውኩት። በዚያ ሳምንት ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ይጥለኝ፣ ምራቄም ያለ ልክ ይዝረበረብ፣ ስቆምም ያዞረኝ ነበር። ቤተሰቦቼ የኮሮናው ነው አሉኝ። እኔ ግን መድኃኒቱ የበዛብኝ መስሎኝ በራሴ ለአራት ቀን አቋረጥኩት። ትክክል ነበርኩ?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማቋረጥዎ ግን አደገኛ ነበር። ክሎዛፒንን በጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው ኤንዛይም በሲጋራ ጢስ ምክንያት ሥራው ስለሚፋጠን፣ አጫሽ ሰው ከማያጨሰው ይልቅ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል። ማጨሱ ድንገት ሲቆም ኤንዛይሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ የሚዋጠው ክኒን ሳይጨምር በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ጢሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ለውጡን አያስቀረውም። በዚህ ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ራሱ ያንኑ ኤንዛይም ያዳክማል። በእርስዎ ላይ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ተገናኝተዋል፤ እንቅልፉ፣ ምራቁና ማዞሩም የክሎዛፒን መብዛት የሚያሳያቸው ምልክቶች ናቸው።

መደረግ የነበረበት ለሐኪም ደውሎ «ትኩሳት ይዞኛል፣ ማጨስም አቁሜአለሁ» ማለት ነው፤ ሐኪሙም መጠኑን ለጊዜው ይቀንሰው፣ ከተቻለም በደም ያለውን መጠን ያስለካ ነበር። ክሎዛፒን በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሕመሙ በቀናት ውስጥ ክፉኛ ሊያገረሽ ይችላል። ከሁለት ቀን በላይ ከተቋረጠ ደግሞ በቀድሞው መጠን መልሶ መጀመር የደም ግፊትን በድንገት ሊጥል ስለሚችል፣ እንደ አዲስ ከ12.5 ሚሊ ግራም ተነሥቶ ቀስ በቀስ ማሳደግ ያስፈልጋል። እንዴት አድርገው እንደጀመሩት አልነገሩንም፤ በሙሉ መጠኑ ጀምረው ምንም ካልሆኑ ዕድለኛ ነዎት።

ስለ ትኩሳቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በወረርሽኝ ጊዜ ትኩሳት ሁሉ ለወረርሽኙ ይሰጣል። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ሲያተኩስ ነጭ የደም ሴሎቹ፣ በተለይም ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ እጅግ ቀንሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ሳል ቢኖርም ባይኖርም የደም ቆጠራ በዚያው ቀን መደረግ አለበት። ማንኛውንም ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከትኩሳቱ ጋር ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ካላበውና ግራ ከተጋባ፣ ይህ ከመድኃኒቱ የሚመጣ፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ግን ሕይወትን የሚያሰጋ ሁኔታ ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒቱ ቆሞ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው ኮሮና ነው ብሎ ቤት ማስተኛት ነፍሱን ሊያሳጣው ይችላል።

በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ የተለመደው የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም በየወሩ ነው የሚደረገው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተለያዩ አገሮች የክሎዛፒን ባለሙያዎች ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ መድኃኒቱን ከአንድ ዓመት በላይ የወሰዱና የደም ቆጠራቸው ዝቅ ብሎ የማያውቅ ሰዎች በወረርሽኙ ጊዜ ምርመራውን በየሦስት ወሩ እንዲያደርጉና የሦስት ወር መድኃኒት እንዲሰጣቸው መክረዋል። ስድስት ዓመት የወሰዱ ሰው እንደመሆንዎ፣ እንዲህ ያለ አሠራር ለእርስዎ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሲጋራውን በመተውዎ ግን ደስ ብሎኛል፤ ከተመለሱበትም ሆነ ዳግም ከተዉት ለሐኪምዎ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም ኖሮበት አያውቅም። በኮቪድ-19 ሆስፒታል ገብቶ ኦክስጅንና ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት በሚሰጠው ጊዜ፣ አልጋው አጠገብ የሌሉ ሰዎች ቆመው ይታዩት ጀመር፤ ማታ ማታ ሊገድሉኝ ነው እያለ የተሰካለትን ቱቦ ይነቅል ነበር። ጠዋት አንዳንዴ ደኅና ሆኖ ያነጋግረኛል። ከወጣ በኋላ ጠፋለት። ስኪዞፍሬኒያ ነው? ወደ ልጆቼስ ይተላለፋል?

መልስ፦ የገለጹት ነገር ስኪዞፍሬኒያን አይመስልም። ስኪዞፍሬኒያ በአብዛኛው የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ ሲሆን፣ ለሳምንታትና ለወራት ይጎለብታል፤ ዋነኛው ምልክቱም የድምፅ እንጂ የዓይን ቅዠት አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ማታ እየባሰ፣ ጠዋት እየተሻለ የሚሄድ፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ ግራ መጋባት በሕክምና ዴሊሪየም ይባላል። ሳንባ ሲታመም የኦክስጅን እጥረት፣ ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣትና የጽኑ ሕሙማን ክፍል እንግድነት ተደማምረው ያመጡታል። በኮቪድ-19 ጊዜ ደግሞ ቤተሰብ እንዳይገባ መከልከሉና ነርሶቹ ሁሉ ከራስ እስከ እግር ተሸፋፍነው መግባታቸው ሁኔታውን አባብሶታል።

ዴክሳሜታዞኑም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 በብሪታንያ የተካሄደ ትልቅ ሙከራ፣ በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ከሞት እንደሚታደግ ካሳየ በኋላ፣ መድኃኒቱ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒዞን ያሉ ከስቴሮይድ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች መጠናቸው ሲጨምር ሳይኮሲስ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ ጥናት፣ በቀን እስከ 40 ሚሊ ግራም ፕሬድኒዞን ከወሰዱት መካከል 1.3 ከመቶ፣ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ ከወሰዱት መካከል 18.4 ከመቶ የአእምሮ መታወክ እንደገጠማቸው አሳይቷል። ስድስት ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ከ40 ሚሊ ግራም ፕሬድኒዞን ጋር ይመጣጠናል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ይደርሳል ግን። መድኃኒቱ ሕይወቱን አድኖት ሊሆን ስለሚችል ለመጸጸት ምክንያት የለም፤ ወደፊት ስቴሮይድ ቢታዘዝለት ግን ይህ ደርሶበት እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወረርሽኝ ተከትሎ ሳይኮሲስ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ካርል ሜኒንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኋላ በቦስተን ሆስፒታል ያያቸውን 100 ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1919 በጽሑፍ አቅርቧል፤ ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ የምንለውን ስም ከተሰጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ ድነው አግኝቷቸዋል። በልጆችዎ ላይ ከዚህ የተነሣ የሚመጣ የሚታወቅ ሥጋት የለም። ባለቤትዎ ከወጣ ከሳምንታት በኋላ ምልክቱ ቢመለስ፣ ወይም መርሳትና መደንዘዝ ቢቀጥልበት፣ እንደገና ይመርመር።

ጥያቄ፦ የሴት ልጄ ሐኪም ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በኮሮና ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ አለኝ። የአእምሮ ሕመም ከሳንባ ጋር ምን ያገናኘዋል? እሷ ኦላንዛፒን ትወስዳለች፤ ክብደቷም ጨምሯል። ክትባት ውሰጂ ስላት ደግሞ «የሚወጉኝ መቆጣጠሪያ ነው» ትለኛለች።

መልስ፦ ሐኪሟ የነገረዎት ትክክል ነው። በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት ኒው ዮርክ ውስጥ በኮቪድ-19 የተያዙ 7,348 አዋቂዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ዕድሜንና ሌሎች በሽታዎችን ከግምት ካስገባ በኋላ እንኳ፣ ከስኪዞፍሬኒያ ወገን የሆነ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው 2.7 እጥፍ ያህል እንደሆነ አግኝቷል። በዚያ ጥናት ውስጥ ከዚህ የበለጠ አደጋን የሚያመለክት ነገር ዕድሜ ብቻ ነበር።

ከሳንባ ጋር የሚያገናኘው ነገር ብዙ ነው። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው በብዛት ያጨሳሉ፤ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ክብደትንና የደም ስኳርን ይጨምራሉ፤ ሲታመሙም ዘግይተው ይመጣሉ፣ ሲመጡም «ደረቴን አመመኝ» ማለታቸው የሕመሙ ንግግር ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ የመጨረሻው በእኔ ሙያ ውስጥ ያለ ነውር ስለሆነ ለሌላ ሰው ላሳብበው አልችልም። የመኖሪያውም ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በደቡብ ኮሪያ ቾንግዶ በሚገኘው የዴናም ሆስፒታል፣ በተዘጋው የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንድ መቶ ያህሉ፣ ማለትም ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ፣ በቫይረሱ ተይዘዋል፤ በአገሪቱ በኮቪድ-19 የሞተው የመጀመሪያ ሰውም በዚያው ክፍል ለረጅም ጊዜ የኖረ ታካሚ ነበር። አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተው፣ መስኮት በማይከፈትበት ክፍል ለዓመታት ተዘግቶባቸው ለሚኖሩ ሰዎች «ርቀታችሁን ጠብቁ» የሚለው ምክር ትርጉም አልነበረውም።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ክትባት በቅድሚያ ከሚያገኙት መካከል አስገብታቸዋለች፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ስኪዞፍሬኒያን ለከባድ ኮቪድ-19 ከሚያጋልጡ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ ጨምሮታል። ኦላንዛፒን መውሰዷ ክትባት ከመውሰድ አይከለክላትም።

«መቆጣጠሪያ ነው» ማለቷ ከሕመሙ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን ይህንኑ ያሉ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች በየአገሩ ስለነበሩ፣ ቸኩለው ምልክት ነው አይበሉት። በክርክር አያሸንፏትም። የምታምነው ሰው ማን ነው? ለዓመታት መድኃኒቷን የሰጠቻት ነርስ፣ እህቷ ወይም የሃይማኖት አባቷ ከሆኑ፣ ጉዳዩን በእነሱ በኩል አንድ ቀን ሳይሆን ደጋግመው ያንሡት፤ መርፌውንም በምታውቀው ክፍል፣ በምታውቀው ሰው እጅ እንድትወስድ ያመቻቹ። እስከዚያው ክብደቷን፣ የደም ስኳሯንና የደም ግፊቷን ቢያንስ በየዓመቱ ያስለኩ። ምናልባት በኮቪድ-19 ተይዛ ፓክስሎቪድ የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘላት፣ በውስጡ ያለው ሪቶናቪር እንደ ኩዌታፒንና ክሎዛፒን ያሉ የሳይኮሲስ መድኃኒቶችን በደም ውስጥ ሊያከማች ስለሚችል፣ የምትወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን፣ ወደፊት ከተቀየረም የአዲሱን፣ በወረቀት ጽፈው በቦርሳዋ ያኑሩላት፤ የሚያክማት የውስጥ ደዌ ሐኪም ከእሷ ጋር የሚገናኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላልና።